ጥያቄና መልስ፦ ከደብረ ብርሃን ተልኮ በኬንያ ጠረፍ ማገልገል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከደብረ ብርሃን ተልኬ በኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ ኪሊፊ አካባቢ፣ ሳገለግል ቆይቼ ተመልሻለሁ። ባገኛችሁኝ ቁጥር ስለምትጠይቁኝ ያላችሁን ሁሉ ዛሬ አምጡ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ በጎብኚነት ገብቶ ማገልገል የለም። ኬንያ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ሥራ «ክላስ አይ» የሚባል ፈቃድ አላት። ፈቃዱ ሳይወጣ ማንም እንዳይነሣ።

የባሶ ልጅ፦ ወንድሜ፣ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይመስላል?

መልስ፦ 12 ሰዓት ላይ ትነሣለህ፤ ቀኑ ሳይግል ብዙ ሥራ ማለቅ አለበት። ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ስለሆነ በዚህ አትቸገርም። ጸሎትና ቃል፣ ከዚያ ጀሪካን ይዞ የውኃ ወረፋ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ በክፍያ ምክንያት ከትምህርት ቤት እንደቀረ የሚሰማው እዚያ ወረፋ ላይ ነው፤ የቀኑ ጉብኝትም ከዚያ ይጀምራል። ቁርስ ማሐምሪ ነው፤ በኮኮናት ወተት ተቦክቶ በዘይት የሚጠበስ፣ ከርግብ አተር ወጥ ጋር የሚበላ። ረፋዱን የታመመ ትጠይቃለህ፣ ለቅሶ ትደርሳለህ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለማያንቀሳቅስ ቋንቋ ታጠናለህ። ከ10 ሰዓት በኋላ ማንጎ ዛፍ ሥር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ፤ ማታ ኡጋሊ፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ፣ በጎመን። መድረክ ላይ ቆሞ መስበክ ከሳምንቱ ሥራ ትንሹ ነው። ወረፋውንና ለቅሶውን የማይወድ ሰው አይሂድ፤ አገልግሎቱ እሱ ራሱ ነው።

አንድ ወንድም፦ ሚሲዮናዊ መሆን እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥያቄህ በጣም ሰፊ ነው። መጀመሪያ የአጥቢያህ ሽማግሌዎች በሥራ ያውቁህ። ከዚያ ለይተህ ጠይቀኝ።

ትዕግሥት፦ ቋንቋውን እንዴት ቻልከው? በእንግሊዝኛ መሥራት አይቻልም?

መልስ፦ ይህ ነው ጥያቄ! በእንግሊዝኛ ከተማ ውስጥ ትግባቢ ይሆናል። ልጇ የሞተባትን እናት ግን በእንግሊዝኛ አታጽናኚም። የመጀመሪያውን ዓመት ለቋንቋ ብቻ ስጪ፤ የላከችሽ ቤተ ክርስቲያን ፍሬ ቁጠሪ ብላ ብትቸኩልም ታገሺ።

እኔን ያስተማሩኝ ከጠረፉ ሕዝብ አንዱ ከሆነው ከጊሪያማ አንዲት እናት ናቸው። ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት የተተከለበት አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጡና ግማሹን ኮኮናት በሁለት እጃቸው ብረቱ ላይ እያሽከረከሩ ይፍቃሉ፤ ነጩ ከሥር ሳህኑ ላይ ይረግፋል። እየፋቁ «አሁን ምን እየሠራሁ ነው?» ይሉኛል። ከተሳሳትኩ እጃቸው ይቆማል፤ ካስተካከልኩ መፋቁ ይቀጥላል። ግስ የተማርኩት እንዲህ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ትልቅ ዕድል አለው። «እወድሃለሁ» ስንል ወዳጁም ተወዳጁም እዚያው ግሱ ውስጥ ናቸው፤ በስዋሂሊም «ኒናኩፔንዳ» እንዲሁ ነው። የሚያደክመው የስሞቹ ምድብ ነው፤ «ኪታቡ ኪዙሪ» አንድ ጥሩ መጽሐፍ ሲሆን ሲበዛ «ቪታቡ ቪዙሪ» ይሆናል። ስሙን ለብቻው አትሸምድጂ፤ ሁልጊዜ ከቅጽሉ ጋር ያዢው።

ትጋት ማየት ከፈለጋችሁ አንኮበር የኖረውን ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን አስቡ። ይህ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1839፣ በ29 ዓመቱ ነው። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ እሱ ቀረ። ንጉሡ ይበልጥ የሚፈልጉት የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ክራፕፍ ግን ኦሮምኛ ተምሮ ወንጌል ወደ መተርጎም ገባ። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ሲሄድ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ መመለሻውም ተዘጋበት። ኦሮሞዎቹን በደቡብ በኩል እደርሳለሁ ብሎ ዞሮ በ1844 ሞምባሳ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱና አራስ ልጁ በንዳድ ሞቱበት። እሱ ግን ስዋሂሊ ማጥናቱን አልተወም። ሰዋስዉ በ1850፣ መዝገበ ቃላቱ ከሞተ በኋላ በ1882 ታተመ። ሞምባሳ አጠገብ ራባይ ላይ ዛሬም በስሙ ሙዚየም አለ። ከኛ ተራራ ተነሥቶ እኔ ያገለገልኩበት ጠረፍ ድረስ ቋንቋ እየተማረ የወረደ ሰው ነው፤ ሳነሣው የማልጠግበው ለዚህ ነው።

መንዜው፦ ይቅርታ፣ ግማሹን ብቻ ነው የምታወራው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመሠረቱ ከ500 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መጥቶ ጾማችንን ሲነቅፍ የኖረ ሰው ነው። የብራና መጻሕፍትም ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ልኳል።

የአንኮበሯ፦ የጾሙ እውነት ነው። ለኦሮምኛ የደከመውስ አይቆጠርለትም?

መንዜው፦ ይቆጠርለት። ግን ክርስቲያን አገር ላይ ሚሲዮናዊ ምን ይሠራል?

ጣርማበር፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። እዚሁ ቆላው ውስጥ ስንት ያልተደረሰ ቀበሌ እያለ ኬንያ ምን ያስኬዳል?

የአንኮበሯ፦ አንዱ ሌላውን አይከለክልም እኮ።

መልስ፦ መንዜው፣ የደብረ ሊባኖሱ ልክ ነው። ክራፕፍን ያነሣሁት ስለ ቋንቋ ትጋቱ ነው፤ ነባር ክርስትናን ያየበት ዓይን ትክክል ነበር አላልኩም። እኔ የሄድኩበት አካባቢም የራሱ ቤተ ክርስቲያንና የራሱ ሽማግሌዎች ነበሩት፤ የሠራሁት በእነሱ ጥሪ፣ ከእነሱ በታች ሆኜ ነው። ጣርማበር፣ ቆላው ጥሪህ ከሆነ ዛሬውኑ ውረድ፤ ደስ ይለኛል። ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ።

የባሶ ልጅ፦ ወባው ያስፈራል ይባላል።

መልስ፦ በጣም ይጠንቀቁበት፤ በተለይ የደጋ ልጅ። የሸዋ ሮቢት ልጆች ታውቁታላችሁ፤ እኛ ደብረ ብርሃኖች ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አድገን ትኩሳት ሲይዘን «ብርድ መታኝ» ብለን ጋቢ እንደርባለን። እዚያ ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። ትኩሳት በተሰማህ ቀን፣ በዚያው ቀን ተመርመር። አጎበር በየሌሊቱ፤ መከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝልህ። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ከጉዞ ቢያንስ 10 ቀን ቀድመህ ተከተብ፤ ካርዱን ከፓስፖርትህ ጋር ያዝ።

አንድ ወንድም፦ ደመወዙ ስንት ነው?

መልስ፦ ደመወዝ አይደለም፤ ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን የምትሰበስበው ድጋፍ ነው። ቀጣይ።

ሰላማዊት፦ እህቶች ብቻቸውን ይመደባሉ?

መልስ፦ ይህን ያገለገሉ እህቶች ቢመልሱልሽ ይሻላል።

ትዕግሥት፦ ከጎረቤቱ ብዙ ሙስሊም አለ አሉ። እንዴት ትኖራላችሁ?

መልስ፦ እንደ ጎረቤት። አልዩ አምባ ገበያ የዋለ ሰው ይህን ከኔ መማር የለበትም። ታላቅ ሲያጋጥምሽ ቀድመሽ «ሺካሞ» በዪ፤ «ማራሃባ» ይሉሻል። ይህን ሳትዪ ካለፍሽ ቀኑን ሙሉ ይወራብሻል። በረመዳን መንገድ ላይ አትብዪ፤ ልብስሽ ረዘም ይበል። ስለ እምነትሽ ሲጠይቁሽ በግልጽ መልሺ፤ የእነሱን አታንቋሽሺ።

ሌላ ወንድም፦ በጎብኚነት ገብቼ ፈቃዱን እዚያው ብጨርስስ?

መልስ፦ ገና ከመጀመሪያው ተናግሬዋለሁ። አይሆንም። ተይዘህ ብትባረር አንተ አውሮፕላን ተሳፍረህ ቤትህ ትገባለህ፤ መንግሥት ፊት የሚቆሙት የተቀበሉህ ሽማግሌዎች ናቸው። እባካችሁ ይህን ዳግመኛ አትጠይቁኝ።

አንድ ወንድም፦ ከኬንያ ወደ አሜሪካ መሻገር ይቻላል?

መልስ፦ ይህ የአገልግሎት ጥያቄ አይደለም።

ሰላማዊት፦ የመጨረሻ ጥያቄ። እናቴ ሽሮና በርበሬ ልትቋጥርልኝ ትፈልጋለች፤ ይገባል?

መልስ፦ የተፈጨ ደረቅ ነገር ነው የኔ የገባው፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ያህል ይሁን። ፌስታል ግን በፍጹም፤ ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ ኤርፖርት ላይ ያስጥሉሻል። በጨርቅ ከረጢት ይሰፋ፣ ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ይታሸግ። የጠረፉ አየር እርጥብ ስለሆነ እንደደረስሽ ሽሮውን ዘርግተሽ ፀሐይ አስመቺው፤ አለበለዚያ ይሻግታል።