የሕንፃው ሥራ ሳያልቅ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለችግረኞች ይሰጣልን?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህራችን። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በአጥቢያችን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ጉባኤያችን ከወር ገቢው የተወሰነውን ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ለሚረዳ ድርጅትና በሰፈራችን አልጋ ለያዙ ሕሙማን እንዲሰጥ አሳብ ቀርቦ ነበር። አንዳንዶች ግን «ጉልላቱ ሳይቆም ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ ገንዘብ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም» ብለው ተቃወሙ። ከሚረዱት መካከል የእምነታችን ተከታይ ያልሆኑ መኖራቸውም ሌላ ክርክር አስነሥቷል። በግሌ ደግሞ የአንዲት ችግረኛ ጎረቤቴን የቤት ኪራይ እየከፈልሁላት ነውና ይህ ከአሥራቴ ይቆጠርልኛልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕንፃው እንዲያልቅ የሚጓጉትን ወንድሞች ለድሃ የማያዝኑ አድርገን ልናያቸው አይገባም። በንግግራቸውም ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው እውነት አለ፤ ምእመናን «ለሕንፃ ማሠሪያ» ተብሎ ተነግሯቸው የሰጡትን ገንዘብ፣ ዓላማው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ሳያውቁት ለሌላ ጉዳይ ማዋል አደራን ማፍረስ ነው። ስለዚህ የሕንፃው ሒሳብ ለሕንፃው ይቆይ። እናንተ የተነጋገራችሁበት ግን ከሙዳየ ምጽዋትና ከልዩ ልዩ መንገድ የሚገኘው መደበኛ ገቢ ነው፤ ከዚህ ለችግረኛ የሚወጣው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን «ወደ ውጭ የሚወጣ» ገንዘብ ተደርጎ መቆጠሩ ከሐዋርያት ትምህርት ጋር አይስማማም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው በኢየሩሳሌም የነበረችው ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሕንፃ ሳይኖራት ለመበለቶች የዕለት ምግብ ታከፋፍል ነበር። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው አገልግሎት ችላ በመባላቸው ባጉረመረሙ ጊዜም ሐዋርያት ቅሬታውን አላናናቁትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ ጸልየውና እጃቸውን ጭነው ለማዕዱ አገልግሎት ሾሙ። ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እጅ ተጭኖበት የተጀመረን አገልግሎት የሕንፃ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ የሚቆም ትርፍ ነገር አድርገን ልናየው እንዴት እንችላለን?

የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የወርቅ ጽዋና ውድ መጋረጃ ለመቅደስ መስጠትን አልከለከለም፤ ነገር ግን በመቅደሱ በሐር የሚከበረው ክርስቶስ ደጅ ላይ በብርድ ሲቀጣ እንዳይታለፍ አጥብቆ ያስተምር ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠርቷል። በእኛም ዘንድ ፍትሐ ነገሥት ጸሎትንና ጾምን አስከትሎ በ16ኛው አንቀጽ ስለ ምጽዋት ይደነግጋል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቁማለች። አጥቢያችሁ ሊያደርግ ያሰበው እንግዲህ ከአባቶች ሥርዓት የወጣ አዲስ ነገር አይደለም።

አሳባችሁ አልጋ የያዙትን ማካተቱ በተለይ ደስ አሰኝቶኛል። በየአጥቢያው የንግሥ ዕለት ነዳያንን የማብላት ልማዳችን የተባረከ ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ነገር ግን በዚያ ቀን የምናየውን እናስብ። ከሰንበቴው፣ ከማኅበሩና ከየቤቱ ዝክር ይዘው የሚመጡት ሁሉ በአንድ ሰዓት ይደርሱና በር ላይ የተሰለፈው ጤነኛ ጎልማሳ ዳቦና እንጀራ በፌስታል ሞልቶ ሲሄድ፣ ከአጥሩ ጀርባ በኪራይ ክፍል የተኛው ሕመምተኛ ደወሉን እየሰማ ጦሙን ያድራል። ብርታት ሳላት ለቅዳሴው መገበሪያ ታመጣ የነበረች እናት ጉልበቷ ሲከዳት ከቤት ትቀራለች፤ ለምን ቀረች ብሎ የሚጠይቅም አይገኝም። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበው መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአልጋው ሳይነሣ ለጌታችን የተናገረው «ሰው የለኝም» ብሎ ነው። ይህ ቃል ዛሬም በሰበካችሁ ውስጥ እየተነገረ መሆኑን አልጠራጠርም፤ የሚሰማውም ወደ ቤታቸው የሚሄድ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ከመመደቡ በፊት ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየሰፈሩ ዞረው የሕሙማኑን መዝገብ ያዘጋጁ። ሲረዱም የሚበዛው እርዳታ በዓይነት ይሁን፤ ኪራዩ ለአከራዩ፣ መድኃኒቱ ከመድኃኒት ቤት በደረሰኝ ተገዝቶ ይሰጥ። የምትረዱትን ድርጅትም ሄዳችሁ አረጋውያኑ የሚተኙበትንና የሚመገቡበትን በዓይናችሁ እዩ፤ ሕጋዊ ምዝገባውንና የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ። ይህ አለማመን አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ወንድሞች አብረውት እንዲሄዱ ያደረገው ስለ ስጦታው ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት መሆኑን በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ጽፏል። የሚቃወሟችሁ ወንድሞች ከሚሰጉባቸው ነገሮች አንዱ የገንዘቡ አያያዝ ሊሆን ስለሚችል፣ የሒሳቡን ቁጥጥር ለእነርሱ ብትሰጡ መልካም ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ችግረኛን ዘይትና ዱቄት አስይዞ ፎቶግራፍ ማንሣትና በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ እየተለመደ መጥቷል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያዘዘው ለሰጪው ነፍስ ብሎ ነው፤ የተቀባዩ ክብር ደግሞ ከዚህ ያላነሰ ጉዳይ ነው። ለጉባኤው ሪፖርት ደረሰኝና ፊርማ ይበቃል። ትናንት ሰርጓን በወግ ደግሳ ጎረቤት ያበላች ሴት ዛሬ አምስት ሊትር ዘይት ታቅፋ በልጆቿ ጓደኞች ስልክ ላይ መታየት የለባትም።

የሌላ እምነት ተከታዮችን በሚመለከት መልሱ አጭር ነው። በወንበዴዎች ተደብድቦ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊ ስለ ሃይማኖቱ አልጠየቀውም። ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ለሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች መልካም እንድናደርግ አዝዟል፤ «ይልቁንም» ማለቱ የሌላውን ድርሻ አያስቀርም። ከላይ ያነሣሁት ኮሚሽንም ከጎረቤት አገሮች የመጡ ስደተኞችን እምነታቸውን ሳይለይ ሲያገለግል ኖሯል። እርዳታውን ሰው ወደ እኛ እንዲመጣ ማባበያ ማድረግም አይገባም።

ወደ ራስዎ ጥያቄ ስመለስ፣ በዘዳግም ምዕራፍ 14 በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሃ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲሆን ታዝዟል፤ ድሃው ከአሥራት ድርሻ አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያ አሥራት የሚከማችበትን ቦታና የሚበሉትን የወሰነው ሕጉ ነው እንጂ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ምርጫ አልነበረም። ስለዚህ አሥራትዎን ለአጥቢያዎ ያግቡ፤ የጎረቤትዎን ኪራይ ደግሞ ከአሥራት በላይ እንደሚሰጥ ምጽዋት ይቁጠሩት። ገቢዎ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ በራስዎ ከመወሰን ይልቅ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ኪራይዋንም አያቋርጡባት። አሳባችሁ በጉባኤው ከጸደቀ የእርሷን ስም ከሌሎቹ ጋር ማቅረብ ይችላሉ፤ ጎረቤትዎ ስለሆነች ግን ችግሯን አይቶ ለጉባኤው የሚያስረዳው ሌላ አባል ቢሆን ይሻላል።