ሁለት ይሰብስቡ፣ ሦስት ያከፋፍሉ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ሂሳብ ስመረምር ነው። ስለ ሀብትና ድህነት ምከረን ስትሉኝ እንግዲህ ስብከት አትጠብቁ። የጥንት አይሁድ መምህራንን የምወዳቸውም ደግነትን እንደ ሂሳብ ሰው ስላሰቡት ነው።

መነሻቸው ኦሪት ነው። ገበሬው ሲያጭድ የእርሻውን ዳር ይተዋል። ቃርሚያውን አይለቅምም፤ ረስቶት የሄደውን ነዶም ተመልሶ አይወስድም። የድሃው ድርሻ ነዋ! ባለእርሻው ለእገሌ ይሁን፣ ለእገሌ አይሁን ብሎ መምረጥ እንኳ አይችልም። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረው ሚሽና፣ ማለትም የመምህራኑ የሕግ ስብስብ፣ የዳሩን መጠን ሳይቀር ቆርጦታል፦ ቢያንስ ከ60 አንድ።

ለከተማው ድሃ ደግሞ በየሳምንቱ የሚከፋፈል ገንዘብ ነበር። ሁለት ሰው ይሰበስባል፣ ሦስት ሰው ያከፋፍላል። ለምን ሦስት? ለማን ስንት ይድረስ ማለት ፍርድ ነው፤ የገንዘብ ክርክር ደግሞ በሦስት ዳኛ ነበር የሚታየው።

ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ከዚህም በላይ ይጠነቀቃል። ሰብሳቢው ገበያ መሃል የወደቀ ሳንቲም ቢያገኝ ኪሱ አይከተውም። የምጽዋቱ ከረጢት ውስጥ ያኖረውና ቤቱ ሲደርስ ያወጣዋል። ሳንቲሙ እኮ የራሱ ነው! ግን ከሩቅ የሚያይ ሰው በምን ያውቃል? የተሰበሰበውን ዝርዝር መመንዘር ሲያስፈልግም ከሌላ ሰው ጋር እንጂ ከራሱ ኪስ አይመነዝርም።

ለታመመ ጓደኛ በቴሌግራም ስታዋጡ በአንድ ልጅ የግል አካውንት የምታስገቡ፣ ይቺን ልብ በሉ። ልጁን ጠርጥሩት ማለቴ አይደለም። ከሐሜት አድኑት ነው የምለው።

የድሃውም ወገን መስመር አለው። 200 ዙዝ (የዚያ ዘመን ገንዘብ ነው) ያለው ሰው ቃርሚያ አይነካም። 199 ያለው ግን ሺህ ሰው በአንዴ ቢሰጠው እንኳ ይወስዳል። መስመሩ ሲታወቅ ልምምጡ ይቀንሳል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምረዳው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። እነዚሁ መምህራን የምጽዋት ሰብሳቢን ሂሳብህን አምጣ አይሉትም። በመጽሐፈ ነገሥት ቤተ መቅደሱን ለማደስ ገንዘብ የተረከቡት ሰዎች ታማኝ ስለነበሩ አልተቆጣጠሯቸውም የሚለውን ይጠቅሳሉ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ስንቱ ታማኝ የተባለ ሰው ደረሰኝ ሲጠየቅ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ደረሰኙን ያዙ። ገቢና ወጪውንም በየወሩ ግሩፑ ላይ ለጥፉት፤ ማንም ባይጠይቃችሁም።