«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወደ ጥንታዊ ቋንቋዎች ጥናት ብዞር ያዋጣኛል?»

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤሽ ሁለት ጥያቄ ይዟል። አንደኛው፣ ማንም ያልጻፈውን የጥንት ቋንቋ ሊቃውንቱ «እንዲህ ነበር» የሚሉት በምን አውቀው ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ወደዚህ ጥናት ብትዞሪ እንጀራ ይወጣዋል ወይ የሚል። የመጀመሪያውን ዘልዬ ሁለተኛውን ብመልስ ያላየሽውን ሥራ ምረጪ ማለት ይሆንብኛልና ከሥራው ልጀምር።

«ቃላት ሲመሳሰሉ ሳይ ደስ ይለኛል» ብለሻል። እዚህ ላይ ትንሽ ላሳዝንሽ ነው፤ መመሳሰል ብቻውን ምንም አያስረዳም። በአውስትራሊያ ይነገር በነበረው ምባባራም በሚባል ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባል ነበር፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ግን ያገናኘው አጋጣሚ ብቻ ነው። «ጠረጴዛ»ም ከግሪክ የተዋስነው ቃል ስለሆነ አማርኛንና ግሪክኛን አያዛምድም። የሚፈለገው የማይዛነፍ የድምፅ ተዛምዶ ነው፤ በአንዱ ቋንቋ ይህ ድምፅ በመጣ ቁጥር በሌላው ያ ድምፅ ይመጣል ወይ? ተዛምዶው ከጸና ቃላቱ ለጆሮ ባይመሳሰሉም ግድ የለም።

«ነፍስ»ን ውሰጂ። በግእዝም በዓረብኛም በ«ስ» ያልቃል፤ በዕብራይስጥ «ኔፌሽ»፣ በአራማይክ «ነፍሻ» ነው። አሁን ደግሞ «ስምንት»ን። ግእዙ «ሰማኒ»፣ ዕብራይስጡ «ሽሞኔ» ይላሉ፤ እስከዚህ ድረስ እንደ «ነፍስ» ነው፣ ግእዝ «ስ»፣ ዕብራይስጥ «ሽ»። አራማይኩ ግን «ትማንያ» ብሎ በ«ት» ይጀምራል። ዓረብኛውም «ስ» አይልም፤ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መሀል ወጥቶ በሚሰማ ሌላ ድምፅ ይጀምራል። አንድ ቃል ብቻ ቢሆን ስሕተት ነው ብለሽ ታልፊው ነበር። በሬውም ግን ያንኑ መንገድ ይከተላል፤ በግእዝ «ሶር»፣ በዕብራይስጥ «ሾር»፣ በአራማይክ «ቶራ»፣ በዓረብኛ ያው በጥርስ መሀል የሚወጣው ድምፅ።

እንግዲህ የአራቱ ቋንቋዎች አያት በ«ነፍስ»ም በ«ስምንት»ም ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ቢኖራት ኖሮ ዓረብኛና አራማይክ በየፊናቸው ያንኑ ድምፅ በተመሳሳዮቹ ቃላት ላይ ለሁለት የሚከፍሉበት ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ አያቲቱ ሁለት ድምፆች ነበሯት፤ ግእዝና ዕብራይስጥ አዋሐዷቸው። በዚህ መንገድ የተገኘ ቃል ከፊቱ ኮከብ ይደረግበታል። ኮከቡ «ተጽፎ አልተገኘም፣ በስሌት የተደረሰበት ነው» ማለት ነው። (እግረ መንገዴን፦ ዛሬ አንድ አድርገን የምናነባቸው «ሰ» እና «ሠ» የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። የ«ሠ» የጥንት አቻ በየመንና በኦማን በሚነገረው መህሪ ቋንቋ ዛሬም ለብቻው ይሰማል። ሞክሼ ፊደል ያሰለቸው ተማሪ ይህን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን እላለሁ።)

ይህ ሥራ አንቺ የባንክ ሒሳብ ስታስታርቂ ከምታደርጊው ብዙም አይርቅም። ያልታረቀችው ትንሽ ቀሪ ናት እንቅልፍ የምትነሳው። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያዕቆብ ግሪም በ1822 የጀርመን ወገን የሆኑ ቋንቋዎች ድምፆች ከላቲንና ከግሪክ የሚለዩበትን ሥርዓት ሲያሳይ የማይገጥሙ ቃላት ተርፈው ነበር። ላቲኑ ለአባት «ፓቴር»፣ ለወንድም «ፍራቴር» ሲል ሁለቱም «ት» አላቸው፤ ጀርመንኛው ግን «ፋተር» እና «ብሩደር» ይላል። ለምን አንዱ «ት» ሌላው «ድ» ሆነ? በ1877 ዴንማርካዊው ካርል ቬርነር መልሱን የእነዚህ ቋንቋዎች ዘመድ በሆነው በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ውስጥ አሳየ፤ እዚያ «ወንድም» የሚለው ቃል መጀመሪያው ላይ፣ «አባት» የሚለው ደግሞ መጨረሻው ላይ ጫና አርፎበት ይነገር ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ይህ የጥንት የአነጋገር ጫና ነው። ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ደግሞ ገና በ21 ዓመቱ፣ በ1879 ባሳተመው ጥናት፣ የላቲን፣ የግሪክ፣ የጀርመንኛና የሳንስክሪት አያት በሆነው ቋንቋ ውስጥ በየትኛውም በሚታወቅ ልጅ ያልተረፉ ድምፆች ነበሩ ብሎ በስሌት ብቻ ተከራከረ። በዛሬዋ ቱርክ ይነገር የነበረው የዚያው ቤተሰብ ጥንታዊ ቋንቋ ሂታይት በ1915 ከተፈታ በኋላ ፖላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ኩሪዎቪች በ1927 ከእነዚያ ድምፆች አንዱን በሸክላ ጽሑፉ ላይ ተጽፎ አሳየ።

ስሌቱ ወሰን እንዳለውም ልንገርሽ። እነ ግእዝና ዓረብኛ ያሉባቸውን ሴማዊ ቋንቋዎችን፣ ኩሻዊን፣ ጥንታዊ ግብፅኛንና ሌሎችንም የሚያቅፈውን የአፍሮ-እስያ ቤተሰብ አያት መልሰው ለመሥራት የሞከሩ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች በአንድ ዓመት፣ በ1995፣ ታትመው ውጤታቸው በብዙ ነገር አልተገናኘም። ዘመኑ ሲርቅ ማስረጃው ይሳሳል።

ወደ እንጀራው ልምጣ። «የጥንት ቋንቋ መላሽ ይፈለጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አትጠብቂ። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ደመወዛቸውን የሚያገኙት በዩኒቨርሲቲ በማስተማር፣ ያልተጠኑ ቋንቋዎችን በመመዝገብና በመግለጽ፣ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ወይም በቋንቋ ቴክኖሎጂ ነው። መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ያልፋል፤ የመምህርነት ቦታውም ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ስለዚህ ነገ ሥራ ልቀቂ አልልሽም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቋንቋ ምዝገባን እይዛለሁ፤ ዳቦው ያለው እዚያ ነው፣ ለንጽጽሩም መረጃ የሚገኘው ከዚያው ነው።

ከሒሳብ ያመጣሽው ሠንጠረዥ መያዝና ለልዩነት ዓይን መኖር እዚህ ይፈለጋል፤ ፓይተን ወይም አር የተባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች ብትጨምሪበት ደግሞ ብዙዎች የሌላቸው ነገር ይኖርሻል። የሚጎድልሽ የድምፅ ትምህርት ነው። ዓለም አቀፉን የድምፅ ፊደል ሳትችዪ ለማመልከት አትቸኩዪ።

ለሦስት ወር በትርፍ ሰዓትሽ አንድ ነገር ሞክሪ። መቶ መሠረታዊ ቃላት (የአካል ክፍል፣ ቁጥር፣ ውሃ፣ እሳት) በግእዝ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ በሠንጠረዥ ደርድሪ። የግእዙን አጻጻፍ ጠብቂ፤ «አሐዱ» በ«ሐ»፣ «ኀምስቱ» በ«ኀ»። ሁለቱ በዓረብኛ ምን እንደሚሆኑ፣ ዕብራይስጡ ደግሞ ምን እንደሚያደርጋቸው ራስሽ ድረሺበት። አማርኛን ለጊዜው ተይው፤ ከግእዝ የተዋሰው ብዙ ስለሆነ ያሳስትሻል። ደግሞም አብዛኞቹ አጥኚዎች በቀጥታ የግእዝ ልጅ አያደርጉትም፣ ቅርብ ዘመዱ እንጂ።

የማይገጥሙትን ረድፎች አትሰርዢ። ቀይ አድርጊያቸውና ከእነ ግምትሽ ላኪልኝ፤ ስለ ማመልከቻው የምንነጋገረው እነሱን አይቼ ነው።