ፐርጎላውን ለኮንትራክተር አትስጡ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ወገን ቤት ሲገዛ መጀመሪያ ሳሎኑን ያሳምራል። ቀጥሎ ቤዝመንቱን ያስጨርሳል። ጓሮው ግን ሣር የሚታጨድበት ባዶ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። አሁን አሁን ፐርጎላ የሚያቆሙ ወገኖች አያለሁ። በቋሚ እንጨት ላይ የሚያርፍ፣ ከላይ ክፍት ርብራብ ያለው ጥላ ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ ግን ለፎቶ ነው የምታሠሩት። እዚህ አገር ያረጀ፣ የራሱንም የጎረቤቶቹንም በእጁ ያቆመ ሰው ስለሆንኩ የምለውን ስሙኝ።

1. ወረቀት

ኤችኦኤ፣ ማለትም የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካላችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ፣ ካውንቲያችሁ (የአካባቢው አስተዳደር) የግንባታ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ደውላችሁ አጣሩ፣ ከመቆፈራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት በፊት ደግሞ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል።

2. ቦታና ስፋት

ከቤቱ ግድግዳ ጋር አታያይዙት። ግድግዳው ላይ የሚመታ ቡሎን በደንብ ካልተሸፈነ ውሃ ያስገባል፣ ውስጥ ውስጡን ያበሰብሰዋል። በአራት ቋሚ ራሱን ችሎ ይቁም።

ስፋቱን ከካታሎግ አትቅዱ። 10 በ 10 ጫማ ለሁለት ሰው ነው። እኛ ቡና እናፈላለን። ረከቦቱ፣ ምድጃው፣ የምታፈላዋ በርጩማ፣ ቄጤማው ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። ዙሪያውን ደግሞ ሰው ይቀመጣል። 12 በ 16 ጫማ፣ ማለትም 3.7 በ 4.9 ሜትር ገደማ ይሁን።

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከምዕራብ በጎን ነው የምትገባው። የላይኛው ርብራብ አይመልሳትም። በዚያ በኩል መጋረጃ አድርጉ፣ ወይም ወይን ትከሉ። ወይን በሰመር ጥላ ይሆናል፣ ዊንተር ላይ ቅጠሉ ይረግፍና ብርሃን ያስገባል። ዊስቴሪያ የሚባለውን ሐረግ ግን ተዉት። አበባው ያምራል፣ ግንዱ ሲወፍር እንጨቱን ጠምዝዞ ያጣምመዋል።

ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ልክደንበት የምትሉም አላችሁ። ከከደናችሁት በረዶ ይሸከማል፣ ብዙ ቦታም እንደ ጣሪያ ተቆጥሮ ሌላ ፈቃድ ይጠየቅበታል።

3. መሠረትና እንጨት

የአዲስ አበባን አፈር እርሱት። እዚህ ዊንተር ላይ መሬቱ በረዶ ይሆናል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ይነፋና መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ብርዱ ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ 24 ኢንች፣ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 30 ኢንች፣ ሚኒያፖሊስ ላላችሁ ደግሞ 42 ኢንች ነው።

እንጨቱን ኮንክሪት ውስጥ አትቅበሩት። ኮንክሪቱ ላይ የብረት መቀመጫ እሰሩና ቋሚው እዚያ ላይ ይቁም፣ እግሩ ከውሃ ይርቃል። ለቋሚ 4 በ 4 ኢንች ይቀጥናል፣ 6 በ 6 ግዙ። ማገሩን 2 በ 10 ድርብ አድርጉት። በኬሚካል የታከመ እንጨት ከሆነ ቡሎኑም ሚስማሩም ለዚያ የሚሆን፣ በወፍራሙ ዚንክ የተነከረ ይሁን፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተራውን ብረት ይበላዋል።

4. ማን ይሥራው?

እዚህ ላይ ልቆጣ።

ኮንትራክተር ትጠራላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ በሁለት ቀን ይቆማል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ከዚያስ? ልጁ ክፍሉ ውስጥ ጆሮውን ደፍኖ ጌም ይጫወታል። እናንተ ኦቨርታይም ናችሁ። ጥላው ስር የሚቀመጥ ሰው የለም።

አያቱ በስልክ «እንደምን ነህ ልጄ?» ሲሉት ስልኩን ለእናቱ አቀብሎ የሚሸሽ ጎረምሳ በስንቱ ቤት አይቻለሁ። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ያፍራል። ወላጆቹን ስጠይቅ «አማርኛ ይሰማል እኮ፣ መናገር ብቻ ነው ያቃተው» ይሉኛል። በዚህ አትጽናኑ። ዛሬ መስማት ብቻ የሚችል ልጅ፣ ነገ የሚወልደው ልጅ መስማቱንም አያገኘውም። በአንድ ትውልድ ያልቃል። ደግሞ የሚያልቀው በልጆቹ ስንፍና አይደለም፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ የሚመልሱት ወላጆች ናቸው።

ቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚያስቆጥሩትን አስተማሪዎች እግዜር ይስጣቸው። ግን ሁለት ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሀ ሁ ያለ ልጅ ሁሉ ተናጋሪ አይሆንም። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ሥራ መሃል ነው። ሲላክ፣ ሲሳሳት፣ ሲታረም፣ ሲስቅ። እኛንስ «አቀብለኝ» ማለትን ማን ቁጭ አድርጎ አስተማረን?

ፐርጎላ ብቻውን የሚሠራው ሰው የለም። አንዱ ቋሚውን ሲይዝ ሌላው ውሃ ልኩን ያያል። ማውራት የግድ ነው። «ያዝ! ትንሽ ወደ ግራ። ኧረ በዛ፣ መልሰው። ሜትሩን አቀብዪኝ። ስንት መጣ?» ልጆቹ ሳያውቁት ቁጥር ይቆጥራሉ፣ ቀኝና ግራ ይላሉ፣ አጥብቅ፣ አላላ፣ ቀጥ አድርገው ይላሉ። ቱንቢ፣ ስኳድራ፣ ካቻቢቴ፣ ሞራሌ ይላሉ። ማዕዘኑን ስታወጡ በአንዱ ጎን 3 ጫማ፣ በሌላው 4 ጫማ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ጫማ ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ለምን እንደሆነ ልጁ ከትምህርት ቤት ያውቀዋል። እሱ ያስረዳችሁ፣ በአማርኛ! ቃል ሲጠፋው አቀብሉት። መጋዙን ለልጅ አትስጡ እንጂ ሌላው ሁሉ የእሱ ሥራ ነው።

አንድ ደንብ ይኑር። በሥራው ቀን እንግሊዝኛ የለም። ስትጀምሩ ያጉረመርማሉ፣ አትሸነፉ። ሌላው ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አነጋገራቸው ላይ ማንም እንዳይስቅ። «ኧረ ደግመሽ በይው!» ብሎ የሚስቅ አጎት አንዲትን ልጅ ለዓመታት ዝም ያሰኛታል። እንዲህ አድርጎ የተዘጋ አፍ አውቃለሁ። እንግዳ ቢሆንም ተቆጡት።

አያት ከአገር ቤት መጥተው ከሆነ ደግሞ ምን ትፈልጋላችሁ? ለስድስት ወር ቪዛ አሰጥታችሁ ታመጧቸውና ሶፋ ላይ ታስቀምጧቸዋላችሁ። ቴሌቪዥኑ የማይገባቸውን ያወራል፣ ሰፈሩ ሰው የለበትም። ብዙዎቹ ጎጆ ያቆሙ፣ ለሠርግ ዳስ የጣሉ ሰዎች ናቸው። ወንበር አውጡላቸውና አሠሩ በሏቸው። ቋሚው ማዘንበሉን ከእናንተ ቀድመው ነው የሚያዩት። «ዘመመ!» ይላሉ፣ ልጁ ዞሮ ያያል፣ ያስተካክላል፣ «አሁንስ አባባ?» ይላል። ይህችን አጭር ጥያቄና መልስ በገንዘብ አታገኟትም።

የኔ አባት በመጣ ጊዜ ጓሮዬ ባዶ ነበር። ወራቱን መስኮት ስር ተቀምጦ አሳለፈ። ልጄ በፊቱ ትመላለስ ነበር፣ የሚያገናኛቸው ሥራ ግን አልነበረም። ጥላውን ያቆምኩት እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል፣ ለዚህ ነው የምጮኸው።

ጊዜ የለኝም አትበሉኝ። የጥቂት ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። ያንን ያህል ኦቨርታይም ቢቀር ቤቱን ማንም አይነጥቃችሁም።

5. ሲያልቅ

ቡናውን ከሳሎን አውጡት። ቤት ውስጥ ዕጣን ሲጨስ የጭስ ማንቂያው ይጮሃል፣ ከሰል ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ጋራዥ ውስጥም በሩን ከፍታችሁም ቢሆን አታቀጣጥሉ። ጓሮ ላይ፣ ከእንጨቱ ራቅ አድርጋችሁ አያይዙት፤ ፍም ሲሆን ድንጋይ ወይም ሸክላ ንጣፍ ላይ አምጡት። ስልክ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ የእናንተም ጭምር። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ የሚጠራውም፣ ፈንዲሻውን የሚያዞረውም ልጁ ይሁን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ከአዋቂ ጋር እንዲህ ረጅም የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የለውም።

ከታከመው እንጨት የተረፈውን ቁራጭ ግን ለእሳት እንዳታደርጉት። ጭሱ መርዝ ነው።

6. ቀለም

አዲስ የታከመ እንጨት እርጥብ ነው፣ ወዲያው ከቀባችሁት ይላጣል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከላይ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ገና ነው፣ ሰርጎ ከገባ ቀቡት። የመጀመሪያው ዊንተር ሲያልፍ እንጨቱ ስለሚደርቅና ስለሚኮማተር ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ።