ጭቃውን ሳታነቡ ዕድሜውን አትጠይቁ፦ ለወጣት የምድር ሳይንስ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

አራት ኪሎ ተቀምጦ የአንታርክቲካን የባሕር ወለል ማጥናት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ግን በክረምት ዝናቡ ካባራ በኋላ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ቆማችሁ ጎርፉ የተወውን ተመልከቱ። ጠጠሩ ለብቻው፣ አሸዋው ለብቻው፣ ጭቃው ደግሞ ውሃው በተኛበት ጥግ ለብቻው ተቀምጧል። ውሃ ያበጥራል። በረዶ አያበጥርም፤ ቋጥኙንም፣ አሸዋውንም፣ እንደ ዱቄት የላመውንም አፈር ቀላቅሎ ጠቅጥቆት ይሄዳል። ዓይናችሁ ይህን ልዩነት ከለመደ ሥራው ተጋመሰ።

ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የአንታርክቲካ በረዶ በሮስ ባሕር፣ ዛሬ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ውሃ ባለበት ወለል ላይ ተኝቶ ነበር። ኮሩን፣ ማለትም ከባሕሩ ወለል በቱቦ የተቀዳውን የደለል ዓምድ፣ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ስትከፍቱ ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ከግርጌው ግራጫ፣ ጠጠር የተሰገሰገበት፣ ንብርብር የሌለው፣ አውራ ጣት ሲጫነው እንቢ የሚል ጭቃ ካለ ቲል፣ ማለትም በረዶ ቀላቅሎ የተወው ድብልቅ፣ ነው፤ በረዶው እዚያው አርፎ ነበር ማለት ነው። ከላዩ የሚመጣው ዲያቶም (በብርሃን የሚኖር ደቃቅ የውሃ አልጌ) ያነሰበት ጭቃ በረዶው ከወለሉ ተነሥቶ መንሳፈፍ ሲጀምር ከሥሩ የረገፈ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው አረንጓዴ ቀመስ፣ ዲያቶም የሞላበት ለስላሳ ደለል ደግሞ ባሕሩ ተከፍቶ ብርሃን ማግኘቱን ይናገራል።

ጥንካሬው ብቻ ግን እንዳያታልላችሁ። በፍጥነት በሚንሸራተት በረዶ ሥር የነበረ ቲል ውሃ ጠጥቶ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራም ወለሉን አርሶ ቲል የሚመስል ድብልቅ ይተዋል። ስለዚህ የሶናሩን፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የተነሣውን የወለሉን ካርታ አጠገባችሁ ዘርጉ፤ ረጃጅምና ትይዩ መስመሮች የበረዶ ንጣፉ መንገድ ናቸው፣ የተጠላለፉ ጠማማ ቦዮች ግን የተንሳፋፊው እርሻ ናቸው።

ስለ አያያዙ፦ ከባዱ የኮር ቱቦ ወለሉን ሲመታ የላይኛውን ለስላሳ ደለል ይበትነዋል። ያንን ክፍል በዝግታ በሚወርድ መልቲኮር (አጫጭር ቱቦዎች ባሉት መቅጃ) ከዚያው ቦታ ውሰዱ። ቱቦውን ከመቁረጣችሁ በፊት የላዩን አቅጣጫ በቀስት ጻፉ፤ የተገለበጠ ቁራጭ ያፈገፈገውን በረዶ የገሰገሰ ያስመስለዋል። ማስቀመጫው 4 ዲግሪ ነው፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ንብርብሩ ይፈርሳል። ግማሹን ለመዝገብ አኑሩ፣ በግማሹ ሥሩ። የውሃ መጠንና ጥንካሬ እንደተከፈተ ይለካ፣ አየር ሲያገኝ ይደርቃልና። ናሙና ከመሃሉ እንጂ ቱቦው ጎትቶ ካጎበጠው ጠርዝ አይቀዳም።

ጭቃውን በ63 ማይክሮን ወንፊት በውሃ አጥባችሁ፣ ከ2 ሚሊሜትር የሚበልጡትን ጠጠሮች ቁጠሩ። ከባሕር ዳር ርቆ የተገኘ እንዲህ ያለ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ የጣለው ነው። የጠጠሩ ብዛት ሲጨምር ግን «በረዶ በዛ» ለማለት አትቸኩሉ። ጅረት ደቃቁን ጠርጎ ከወሰደው ወይም ጭቃው በዝግታ ከተከማቸ፣ የወደቀው ጠጠር ሳይጨምር በአንድ ግራም ውስጥ የሚቆጠረው ይበዛል። በዚህ ስንት መደምደሚያ እንደተበላሸ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ዕድሜው ላይ ደግሞ ጥንቃቄያችሁ እጥፍ ይሁን። በረዶው ጥንታዊ ካርቦን የያዘ ዐለት ፈጭቶ ከደለሉ ጋር ስለሚደባልቅ፣ ያልተለየ ኦርጋኒክ ካርቦን ከላይኛው ደለል ሳይቀር የሺህ ዓመታት ዕድሜ ይሰጣችኋል። የፎራሚኒፌራን፣ ማለትም የደቃቅ ባለዛጎል የባሕር ፍጥረታትን፣ ዛጎል ለቅማችሁ ለካርቦን 14 የዕድሜ ልኬት ላኩ። የደቡቡ ውቅያኖስ ውሃ ራሱ አሮጌ ካርቦን ስላለበት እዚያ ከተለካው ዕድሜ ወደ 1,200 ዓመት ገደማ ይቀነሳል። ዛጎል ከጠፋ ደለሉን ቀስ በቀስ እያሞቁ መጀመሪያ የሚወጣውን ጋዝ ለብቻው የማስለካት ዘዴ አለ። ከቲሉ በላይ ያገኛችሁት ዕድሜም በረዶው የሄደበት ቀን አይደለም፤ ቢዘገይ ቢዘገይ በዚያን ጊዜ ሄዶ ነበር ማለት ብቻ ነው።

ባሕሩ ቢርቅም በረዶ የተወው ድብልቅ በአገራችንም አለ፤ በባሌ ተራሮች በሳነቴ ዙሪያ፣ በሰሜን ተራሮችም ጥንት የበረዶ ግግር ነበረ። ፈቃድ አውጥታችሁ ከሳነቴ ክምር አንድ ጭብጥ አፈር አምጡ። ከግንፍሌ አሸዋ ጋር በሁለት ወንፊት እጠቡና በሁለት ሰሃን አድርቃችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት።