መልስ፦ ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በ2004 ነው ወይስ በ2005?

ለጅማው ሴሚናርህ 2005 ዓ.ም. ብለህ ጻፍ። ነሐሴ 14 ቀን 2004 አቶ መለስ ዜናዊ ሲያርፉ፣ አቶ ኃይለማርያም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስለነበሩ ሥራውን በተጠባባቂነት ያዙ። ምክር ቤት ፊት ቃለ መሐላ የፈጸሙት ግን መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። በመሐሉ አንድ ወር ግድም ብቻ ነው ያለው፤ አዲስ ዓመት ስለገባ ቁጥሩ ተቀየረ። ቦታ ካለህ ሁለቱንም ቀን አስገባ።

«የካቲት 2010 ለቀቁ» ያልከውንም አስተካክል። የካቲት 8 የመልቀቂያ ጥያቄ ያቀረቡበት ቀን ነው። ወንበሩን ለዶ/ር ዐቢይ አሕመድ፣ ለእናንተው ለጅማ ዞን ለበሻሻው ተወላጅ፣ ያስረከቡት መጋቢት 24 ቀን 2010 ነው።

አደራ፣ ከእንግሊዝኛ ምንጭ ቀን ስትወስድ ከዓመቱ ላይ ሁልጊዜ 8 አትቀንስ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ልዩነቱ 8 ይሆናል። የተማሪ ወረቀት በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2012 ላይ 8 ብትቀንስ መስከረም 2004 ይመጣና አቶ መለስ በሕይወት እያሉ አቶ ኃይለማርያም ሥልጣን የያዙ ያስመስላል።