ሲጋራ፣ መጠጥና ልባችን፦ ጠይቁኝ

አዳማ ውስጥ የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ሲጋራ፣ መጠጥና ሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ የሚመጣው ሕመም) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ሲስተር፣ በቀን አንድ ፍሬ ብቻ ነው የማጨሰው፤ ከቡና ጋር። ይሄም ይጎዳል?
ወንድሜ፣ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ «ብቻ» የምትሉት ነው። በቀን አንድ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ጭሱ የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ ያቆስላል፤ ደምም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል። ለዚህ ትንሽም ይበቃዋል። ካቆምክ ግን ያ ተጨማሪ አደጋ በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ሺሻስ? በውሃ ተጣርቶ ነው የሚመጣው።
ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳለ ደምህ ውስጥ ይገባል።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ፤ 38 ዓመቴ ነው። መንገድ ላይ ጫትና ሲጋራ፣ አዳማ ስገባ ጨብሲ።
ጫቱም ኒኮቲኑም ልብህን ያስሮጣሉ፣ ግፊትህን ይጨምራሉ፣ የልብህን ደም ሥሮች ያጠብባሉ። የሲጋራው ጭስ ደግሞ በደምህ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ልብህ ሥራው በዝቶበት ሳለ ቀለቡ ይቀንስበታል ማለት ነው። ጨብሲው ምርቃናውን ቢሰብርልህም ልብህን አያሳርፈውም፤ በአንድ ማታ ብዙ መጠጣት የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ዕድሜዬ ገና ነው አትበል። ከየቱ ልጀምር ካልከኝ ከሲጋራው። እንቅልፍ ሲጥልህ ደግሞ፣ እባክህ፣ ዳር ይዘህ ተኛ። አዳማ ስትገባ ግፊትህን ተለካ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው ይባላል።
ለልቤ ብሎ መጠጣት የሚጀምር አይኑር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል።

ባለቤቴ ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ይጠጣል። ከነገ ጀምሮ ላስቁመው?
እህቴ፣ በአንዴ እንዳታስቆሚው። እንዲህ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ በመድኃኒት ታግዞ ያቆማል።

እናቴ 62 ዓመቷ ነው፤ አጭሳም ጠጥታም አታውቅም፣ አባቴ ግን ቤት ውስጥ ያጨሳል። ትናንት ማታ ሽንኩርት እየከተፈች ደረቷን ጨነቃት፣ በላብ ተጠመቀች። ጨጓራዬ ነው ብላ አብሽ ጠጣች። ዛሬ ደህና ነኝ ትላለች።
የኔ እህት፣ ይሄን ጨጓራ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። የሌላ ሰው ጭስም የልብን ደም ሥር ይጎዳል። ሃርት አታክ የያዛቸው ብዙ ሰዎች «ጨጓራዬ ነው» ብለው ነው የሚመጡት፤ በተለይ ሴቶች ላይ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ላብ ካጠመቃት ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። ዛሬ ደህና መሆኗ አያዘናጋሽ። አሁኑኑ ባጃጅ ጥሪና ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፤ በእግሯ እንዳትሄድ። ያየሽውን፣ ላቡን ጭምር፣ ለሐኪሙ ንገሪው። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምት ምርመራ ትነሣ፤ እሱ ደህና ቢሆን እንኳ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራላት እንደሆነ ጠይቂ። ስትመለሱ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቅሻለሁ።